ለቀሩት ነዋሪዎች የሚገባው አገልግሎት እንዲሰጥ የቀረበ ቅሬታ

ለከተማው አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ ለከተማው ምክር ቤት

ጉዳዩ፦ «የነዋሪ ቁጥር ቀንሷል» በሚል ምክንያት የተቋረጡ አገልግሎቶችን ይመለከታል

ክቡር ከንቲባ፣

ስለ ሰፈራችን የመንገድ መብራትና ጽዳት ላቀረብነው አቤቱታ ከጽሕፈት ቤትዎ የተሰጠው መልስ ደርሶናል። መልሱ አጭር ነው፤ የአካባቢው ነዋሪ ስለቀነሰ በጀቱም በዚያው ልክ ተቀንሷል ይላል። ምክንያቱን አልቀበለውም። ለምን እንደማልቀበለው ለማስረዳት ይህን ቅሬታ አቅርቤአለሁ።

በመጀመሪያ ሰው የለቀቀው ሥራ በመጥፋቱ እንደሆነ አልክድም። ፋብሪካው እንዳይዘጋ አስተዳደሩ ማድረግ ይችል ነበር የምለው ነገርም የለኝም። ከዚያ በኋላ የሄዱት ግን ሥራ ያላቸው፣ ጡረታ የሚያገኙ፣ በራሳቸው ቤት የሚኖሩ፣ እዚሁ ለመቅረት ቆርጠው የነበሩ ሰዎች ናቸው። የእነርሱን መሄድ በፋብሪካው ማሳበብ አይቻልም። ቅድሚያ የመንገዱ መብራት ጠፋና ሳይጠገን ቀረ። ሲመሽ የሚንቀሳቀስ ሰው በማነሱ ሱቆች በጊዜ መዝጋት ጀመሩ። ተሳፋሪ አነሰ ተብሎ የማታው አውቶቡስ ተቋረጠ፤ በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ጎረቤቶቻችንም ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። ተማሪ አነሰ ተብሎ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ በዚህ ጊዜ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች የሚቆዩበት ምክንያት አጡ። አስተዳደሩ በየእርምጃው የጠቀሰው የነዋሪውን መቀነስ ነበር፤ እያንዳንዱ እርምጃ ደግሞ ተከታዮቹን ነዋሪዎች አስወጣ።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ተዘግተው የቆሙት ቤቶች ጉዳይ ነው። አንዳንዶቹ ባለቤቶች ርቀው ሄደዋል፤ ሌሎቹ ሞተው ወራሾቻቸው አይታወቁም። ጣሪያው ያፈሳል፣ እርጥበቱ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ይዘልቃል፣ ግቢው የቆሻሻ መጣያ ይሆናል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው በሌሊት እየተነቀለ ይወሰዳል። ከእንዲህ ዓይነት ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ቤቱን ልሽጥ ቢል ገዢ አያገኝም፤ መጨረሻው እርሱም ቆልፎ መሄድ ነው። ደንብ አስከባሪዎቹ «የግል ንብረት ስለሆነ አንነካውም» ይሉናል። የግል ንብረት መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም በብዙ የዓለም ከተሞች እንዲህ ሲያጋጥም አስተዳደሩ ራሱ ግቢውን ያጸዳል፣ በርና መስኮቱን ያሽጋል፣ ወጪውንም ከባለቤቱ የሚፈለግ ዕዳ አድርጎ ይመዘግባል።

ከዚህ የተሻለም ተሠርቷል። የጀርመኗ ላይፕዚግ እ.ኤ.አ. በ1989 530 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት፤ በ1998 ቁጥሩ ወደ 437 ሺህ ወርዶ ብዙ ያረጁ ቤቶች ባዶ ቀርተው ነበር። ከ2004 ጀምሮ አንድ ማኅበር ከባለቤቶቹ ጋር እየተዋዋለ፣ ኪራይ ሳይከፍሉ ቤቱን ለሚጠብቁና ለሚንከባከቡ ሰዎች መስጠት ጀመረ። ባለቤቱ ንብረቱን አላጣም፣ ቤቱም ለመፍረስ አልተተወም። ዛሬ የላይፕዚግ ነዋሪ ከ600 ሺህ ይበልጣል። ይህን ሁሉ ያመጣው የቤቶቹ ጥበቃ ብቻ ነው አልልም፤ ሰው መመለስ ሲጀምር ግን ሊገባባቸው የሚችሉ ቤቶች ቆመው ቆይተውታል። እኛ ዘንድ እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ለመስማት የሚፈቅድ ክፍል እንኳ አላገኘንም።

ስለ ውኃውም ልናገር። ቧንቧዎቹ የተዘረጉት ዛሬ ካለው እጅግ ለሚበልጥ ሕዝብ ነው። ተጠቃሚ ሲቀንስ ውኃው በሰፊው መስመር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ጀርም የሚገድለው ክሎሪን ይዳከማል፣ ዝቃጭም ይጠራቀማል። ነዋሪያቸው የቀነሰባቸው የምሥራቅ ጀርመን ከተሞች በዚህ ምክንያት መስመሮቻቸውን በየጊዜው ለማጠብ ተገደዋል። በቤታችን ቡናማ ውኃ ሲወርድ «ጥቂት አፍስሱትና ይጠራል» ከማለት ይልቅ መስመሩ መቼ እንደታጠበና ውኃው መቼ እንደተመረመረ ንገሩን። የምናፈስሰውን ውኃ የምንከፍለው እኛ ነን።

አሁን ደግሞ የአገልግሎት ክፍያ ሊጨምር መሆኑን ሰምተናል። ሒሳቡ ይገባኛል፤ ሰው ስለሄደ መንገዱ አያጥርም፣ የቧንቧው መስመርም አይቀንስም፣ ወጪው በቀረነው ላይ ይከፋፈላል። የአሜሪካዋ ዲትሮይት የሄደችበትም መንገድ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 1.85 ሚሊዮን ያህል የነበረው ሕዝቧ በ2010 ወደ 714 ሺህ ወርዶ፣ ግብሩ እየከበደ አገልግሎቱ እየደከመ ቆይቶ፣ በ2013 ከተማዋ 18 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ ይዛ ከአበዳሪዎቿ የሚከላከል የኪሳራ ጥበቃ እንዲሰጣት ለፍርድ ቤት አመለከተች። ያን ጊዜ 40 በመቶ የሚሆኑት የመንገድ መብራቶቿ አይሠሩም ነበር። ያቺው የከሰረች ከተማ እስከ 2016 መጨረሻ 65 ሺህ ያህል አዳዲስ የመንገድ መብራቶች ተከለች። የእኛ አስተዳደር በከተማው መግቢያ ለሚሠራው አደባባይና ፏፏቴ ገንዘብ አግኝቶ ለመብራታችን አምፖል የለኝም ሲለን ግን እንዴት ብለን እንመነው? እንግዳን ለመሳብ የሚወጣው ገንዘብ እዚህ ያሉትን ለማቆየት ቢውል ኖሮ ዛሬ የምንለምነው ሰው ባልኖረ።

የከተማው ፕላን አሁንም ሕዝቡ እንደሚጨምር ገምቶ የተዘጋጀ ነው። የብረት ፋብሪካዎቿ የተዘጉባት የአሜሪካዋ ያንግስታውን እ.ኤ.አ. በ2005 ባጸደቀችው ፕላን አነስተኛ ከተማ መሆኗን በግልጽ ተቀብላለች። አፈጻጸሙ ቀላል አልነበረም፤ ቢያንስ ግን ለነዋሪዎቿ እውነቱን ነግራለች። እኛም ይህንኑ እንፈልጋለን። በየትኛው ሰፈር ምን እንደሚቀጥልና ምን እንደሚቋረጥ አስተዳደሩ አስቀድሞ ይንገረን፤ አቋርጦ ከጨረሰ በኋላ «ሰው የለም» አይበለን።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሰው በሚኖርባቸው መንገዶች ሁሉ መብራቱ እንዲመለስ፣ የማታው አውቶቡስም ቢያንስ ለፈረቃ ሠራተኞች በሚመች ሰዓት እንዲጀምር እጠይቃለሁ። ባዶዎቹ ቤቶች ተመዝግበው የሚያፈስሱትና የሚያሰጉት በአስተዳደሩ ወጪ ይታሸጉ፤ ወጪው ከባለቤቶቹ የሚጠየቅ ይሁን። የውኃው የምርመራ ውጤት ለሕዝብ ይገለጽ። የክፍያ ጭማሪው ለምክር ቤቱ ከመቅረቡ በፊት የሰፈራችን ነዋሪዎች ተጠርተን፣ የበጀት ኃላፊው ባሉበት እንድንጠይቅና እንድንሰማ ይደረግ።

መልሱ በጽሑፍ፣ ሥራው የሚጠናቀቅበት ቀንና ኃላፊነት የሚወስደው ክፍል ተጠቅሶ እንዲሰጠኝ በአክብሮት አመለክታለሁ። የጎረቤቶቼ ፊርማ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የከተማው ነዋሪ