ሻይ ሳላዝ የምቀመጥበት ቦታ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። 26 ዓመት አይሱዙ ነድቻለሁ። ዓምና የልብ ድካም አለብህ ተባልኩና መኪናውን ለልጄ አስረከብኩ።

የበሽታው ስም ያሳስታል። የደከመው ልቤ ነው ይባላል፣ የሚከዳኝ ግን እግሬ ነው። ከሰፈሬ ሐይቁ ዳር ወዳለው ፍቅር ሐይቅ ሳዘግም መጀመሪያ ባቴ ይዝላል፤ ትንፋሼ ቀጥሎ ያጥራል።

ሐኪሜ እንዳስረዱኝ፣ ጤነኛ ልብ በእያንዳንዱ ምት ከያዘው ደም ከግማሽ በላይ ይረጫል። የእኔ በኢኮ፣ ማለት በልብ አልትራሳውንድ፣ ሲታይ ከመቶ 30 ነው። ተቀምጬ ለማውራት ይበቃኛል። ስራመድ ግን ጡንቻው ተጨማሪ ኦክስጅን ይጠይቃል፣ ልቤ ደግሞ የተጠየቀውን ያህል መጨመር አይችልም። ዳገት ላይ ጭነት የከበደው መኪና ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ «ተኛ» አለ። ባለቤቴ ውኃ እንኳ ተነስቼ እንድቀዳ አትፈቅድም ነበር። ሦስት ወር ተኛሁ። ጭኔ ከስቶ ሱሪዬ ሰፋኝ፤ ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ እንደ መንገድ ሆነብኝ። ለካ ያልሠራ ጡንቻ የደረሰችውን ትንሽ ደም እንኳ በደንብ አይጠቀምባትም። ድሮ ሐኪሞችም ተኛ ይሉ ነበር አሉ። አሁን ሕመሙ የተረጋጋለት ሰው በልኩ ይራመድ ነው የሚሉት።

ሐኪሜ አቅሜን ለመለካት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ 6 ደቂቃ አስኬዱኝ፤ 270 ሜትር ሄድኩ። ከአራት ወር እርምጃ በኋላ 340 ሆነ። ኢኮው ግን ያው 30! «ታዲያ ምኑ ነው የተሻለው?» ብላቸው ሐኪሜ ሳቁ። እግርህ ነው አሉኝ።

ልኩ ቀላል ነው፤ እየሄድኩ ማውራት ከቻልኩ ደህና ነኝ። ጠዋት ሚዛን ላይ እወጣለሁ። በሁለት ሦስት ቀን 2 ኪሎ ከጨመርኩ ውኃ ቋጥሬአለሁ ማለት ስለሆነ እርምጃው ይቀርና ለሐኪሜ እደውላለሁ።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልምጣ። በየመሃሉ አረፍ ማለት አለብኝ፤ በምሄድበት መንገድ ግን መቀመጫ የለም። አንዴ አንድ ሕንፃ በር ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጥበቃው «ጋሼ፣ እዚህ አይቻልም» ብሎ አስነሳኝ። ልጁ ታዟል፣ አልፈርድበትም። ያለው አማራጭ ካፌ ነው። ካፌ ደግሞ ዝም ብሎ አያስቀምጥም፣ ሻይ አዛለሁ። ስሄድ አንድ፣ ስመለስ አንድ። ለእኔ በቀን የተፈቀደልኝ ፈሳሽ 1.5 ሊትር ነው፣ ሾርባውም መድኃኒት የምውጥበትም ውኃ ተደምሮ። በዚህ ሙቀት ኮታዬን ለወንበር ኪራይ ከፍዬ ማታ ከንፈሬ ደርቆ እተኛለሁ።

የሚመለከተው አካል ሁለት አግዳሚ ወንበር ቢያስቀምጥልን፣ ጥላ ያለው ዛፍ ሥር፣ መደገፊያ ያለው። ያለ መደገፊያ መነሳቱ ሌላ ሥራ ነው።

የቀድሞ የአይሱዙ ሾፌር
ከሐዋሳ