የበሩ ስፋት

ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ የልጅ ልጅዎ ፊደል ጨርሳ የሱቅ ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ ካላነበበች አላልፍ እያለች መንገድ ላይ ታስቆመናለች። የታላቅ ወንድሟ የፊት ጥርስ ወልቋል። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነንና ጣሪያው አይደርስለትም፤ «ጎንደር ስንሄድ የአያቴ ጣሪያ ላይ እወረውረዋለሁ» ብሎ በክብሪት ቀፎ አስቀምጦታል። የትኛው ጣሪያ እንደሚሆን አልነገርኩትም።

ወንድሜ የአዲሱን ቤት ፕላን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ትልቁን ቤት ለመሸጥ መወሰናችሁን የሰማሁትም ከእሱ ነው። በውሳኔው አልከራከርም። አምስታችንም ወጥተን አልቀናል፤ እማዬ ማንም የማያድርባቸውን ክፍሎች ስትጠርግ መዋል የለባትም። በሰሜን በኩል ያለችውን ክፍል እኔ ስወለድ በገዛ እጅዎ ድንጋይ ጠርበው እንደጨመሯት አውቃለሁ፤ አመሰግናለሁ። አዘዞ ላይ 60 ካሬ ሜትር ቤት፣ አንድ መኝታ፣ ሳሎን፣ ወጥ ቤትና መጸዳጃ ያለው፣ ለሁለት ሰው ይበቃል። ጥምቀት ሲመጣስ? ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ሳሎናችን ውስጥ ፍራሽ ተደርድሮ እግር ማሳረፊያ ይጠፋ ነበር። ለማንኛውም በረንዳውን ሰፋ ያድርጉት። እማዬ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ መራቋም ከብዶኛል፤ በእግሯ ደርሳ የምትመለስበት ደጅ ነበር።

ሥራዬ ነውና ስለ መሠረቱም ዝም ማለት አልችልም። ቦታው ዋልካ ከሆነ ግንበኛው አይቸኩል። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ይውጣና በገረጋንቲ ተሞልቶ በደንብ ይጠቅጠቅ። ቁፋሮው ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ይጀመር። አርማታው ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ውኃው በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶው አስቀድሞ ይሙላ። አርማታ የሚፈለግበትን ጥንካሬ የሚይዘው በ28 ቀን ገደማ ነው፤ ግንበኛው ድጋፍ እንጨቱን ቶሎ ላንሳ ቢል እሺ አይበሉት።

አሁን ስለ በሩ ልጠይቅዎ። ፕላኑን ደጋግሜ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። የመጸዳጃ በር ብዙ ጊዜ 70 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የእናንተ ግን 1 ሜትር ነው፤ የመኝታ ቤቱም እንዲሁ። ከደጅ ወደ ሳሎን መግቢያው ላይ ደረጃ የለም፤ ተዳፋት ነው። ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። ይህ ልኬት እንዲሁ አይወጣም። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራ መውጫ ልኬት ነው።

አባቴ፣ ወንበሩ የማን ነው?

በ1997 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በደወልኩ ቁጥር «እማማስ?» እያልኩ ስለ አያቴ እጠይቅዎት ነበር። «ተኝተዋል» ይሉኝ ነበር። እማማ ካረፉ ሦስት ሳምንት አልፏቸው ነበር። ፈተና ላይ ስለነበርኩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው እንደሆነም አውቃለሁ። ነገር ግን ለእሳቸው የገዛሁትን ሻሽ በሻንጣዬ ይዤ ደጃፍ ስደርስ የተቀበለችኝ እማዬ ጥቁር ለብሳ ነበር። ሁላችሁም አልቅሳችሁ ጨርሳችሁ እኔ ብቻዬን ጀመርኩ። ሻሹ እስከ ዛሬ ከነመጠቅለያው አለ። ይቅር ብያለሁ እላለሁ፤ ስልክ ባነሣሁ ቁጥር ግን ይመለስብኛል።

ከባለፈው ወር ወዲህ እማዬን በስልክ አላገኘኋትም። ጠዋት ስደውል «ተኝታለች»፤ ማታ ስደውል «ተኝታለች»። እማዬ ጎሕ ሳይቀድ የምትነሣ ሴት ናት። ወይስ ወንበሩ ለእርስዎ ነው? ባለፈው ፋሲካ ከመደቡ ሲነሡ ጉልበትዎን በሁለት እጅ ይዘው ነበር፤ እኔ ሳይዎት ለቀቁት። ድፍረት ከሆነብኝ ይቅር ይበሉኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ የሚነገረኝን መሸከም እችላለሁ። የማልችለው እንደገና ከደጃፍ ላይ መማር ነው።

በመጸዳጃው ግድግዳ ላይ የሚታሰረውን የእጅ መደገፊያ ብረት እዚህ አሠርቼ እልካለሁ። ፕላኑ ላይ ቦታው ተሥሏል፣ ቁመቱ ግን አልተጻፈም። እማዬ ከትከሻዎ አትደርስም፤ እርስዎ በር ሲገቡ ጎንበስ ይላሉ። ብየዳው ቅዳሜ ነው። እስከዚያ ብረቱን የሚይዘው ማን እንደሆነ እርስዎ ራስዎ ደውለው ይንገሩኝ፤ በወንድሜ አይላኩብኝ።

ልጅዎ