ቺፕ በክረምት ተከፍቶ አይቀመጥ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ክረምት ሲገባ በጎንደር የኤሌክትሮኒክስ ሱቆችና መጠገኛ ቤቶች እርጥበት የሚከላከለው ከረጢታቸው ተቀዶ የሚቀመጡ ቺፖች ያሳስቡኛል። የቺፕ ፕላስቲክ ልባስ እርጥበት ይስባል። ቺፑ የሚበየድበት ቦርድ በሪፍሎ ምድጃ (የብየዳውን ቆርቆሮ በሚያቀልጠው ምድጃ) ውስጥ 245 ዲግሪ ሲደርስ ያ እርጥበት ድንገት እንፋሎት ይሆንና ልባሱን ከውስጥ ያላቅቀዋል፤ አንዳንዴም ይሰነጥቀዋል። ክፋቱ ስንጥቁ ከውጭ ላይታይ መቻሉ ነው፤ ቦርዱ ፍተሻውን አልፎ ደንበኛው እጅ ላይ ይበላሻል።

ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የእርጥበት ደረጃ፣ ማለትም ቺፑ ለእርጥበት ምን ያህል ስስ እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር አንብቡ። ደረጃ 3 ከተከፈተ በኋላ 168 ሰዓት፣ ደረጃ 4 ደግሞ 72 ሰዓት ይቆያል። ይህ የሚሠራው ግን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ሳይበልጥ ነው። ክረምታችን ቢቀዘቅዝም እርጥበቱ ከዚህ ያልፋል፤ ስለዚህ ሰዓቱን እንዳለ አትመኑት። የተከፈተበትን ቀንና ሰዓት ከረጢቱ ላይ ጻፉ፤ የተረፈውን እርጥበቱ ከ5 በመቶ በማይበልጥ ደረቅ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ።

ከተከፈተ በኋላ የተፈቀደለት ሰዓት ያለፈበት ቺፕ ከመበየዱ በፊት በምድጃ ተጋግሮ መድረቅ አለበት። ውፍረቱ እስከ 1.4 ሚሊሜትር የሆነ ደረጃ 3 ቺፕ በ125 ዲግሪ 9 ሰዓት ይበቃዋል፤ ሙቀት በሚችል ትሪ ላይ ከሆነ ብቻ! በሪል (በፕላስቲክ ጥብጣብ መጠቅለያ) የተጠቀለለው በዚህ ሙቀት ጥቅሉ ስለሚበላሽ በ40 ዲግሪ፣ ከ5 በመቶ በማይበልጥ እርጥበት 13 ቀን ይፈልጋል። ደጋግሞ መጋገር ግን እግሮቹን ስለሚያዝግ ብየዳ አይዝም። በሄት ጋን (ትኩስ አየር በሚነፋ መሣሪያ) ለማድረቅ መሞከርማ ያንኑ ስንጥቅ መጥራት ነው።

ነጋዴዎች ሆይ፣ ቺፑን ከነእርጥበት ጠቋሚ ካርዱና እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄሉ ጋር ሽጡልን።

የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ፣ ከጎንደር