ጦርነት ለማስጀመር አንድ ድምፅ፣ ለማስቆም ሁለት ሦስተኛ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቻለሁ። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ቬትናም መታሰቢያው ጋ አደረስኩ። ጉልበታቸው ስላላስተማመነኝ ክንዳቸውን ይዤ አብሬ ወረድኩ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ስም ፈልገው አገኙ፣ ወረቀት አስደገፉበትና በእርሳስ ይፈገፍጉት ጀመር። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ነጭ ሆነው ወጡ። የወንድማቸው ስም ነበር።

እዚያ ግንብ ላይ ከ58 ሺህ በላይ ስም አለ። ግን ኮንግረስ፣ የአሜሪካ ሕግ አውጪው ምክር ቤት፣ ያንን ጦርነት አላወጀም። ሕገ መንግሥቱ ጦርነት የማወጁን ሥልጣን የሰጠው ለኮንግረስ ነው፣ ፕሬዚዳንቱ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ነው። ኮንግረስ ለመጨረሻ ጊዜ ጦርነት ያወጀው በ1942 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1950 ኮሪያ ሲገቡ አላስፈቀዱም፤ የኛ ቃኘው ሻለቃ ልጆች የተዋጉት፣ ከ120 በላይ የሚሆኑትም የወደቁት እዚያ ጦርነት ላይ ነው። በ1964 ደግሞ ኮንግረስ ራሱ ቬትናም ላይ ጦር እንዲያዘምቱ በፈቀደው በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውሳኔ ለፕሬዚዳንት ጆንሰን ልጓሙን ለቀቀላቸው። ከኮንግረስ ሁለት ምክር ቤቶች አንዱ በሆነው ሴኔት ውስጥ የተቃወሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ቁጭቱ በ1973 ሕግ ወለደ። ኒክሰን ውድቅ ቢያደርጉትም ኮንግረስ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጸደቀው። ፕሬዚዳንቱ ጦር ባዘመተ በ48 ሰዓት ውስጥ ለኮንግረስ ያሳውቃል። ኮንግረስ ካልፈቀደለት በ60 ቀን ያቆማል፣ ጦሩን በደህና ለማውጣት ቢበዛ 30 ቀን ይጨመርለታል።

ሕጉ ጥሩ ነው፣ ግን ቀዳዳ አለው። በ2011 ሊቢያ ላይ 60 ቀኑ ሲያልፍ የኦባማ አስተዳደር ይሄ ሕጉ የሚለው ዓይነት ውጊያ አይደለም ብሎ ቀጠለ። ኦባማን ሁለቴ መርጫለሁ፣ እወዳቸዋለሁም፤ ያ ግን ስህተት ነበር። ቦምብ እየወረደ እንዴት ውጊያ አይደለም ይባላል?

ትልቁ ቀዳዳ ሌላ ነው። ሕጉ ሲወጣ ኮንግረስ ያለ ፕሬዚዳንቱ ፊርማ በተራ አብላጫ ድምፅ ጦሩን ማስወጣት ይችል ነበር። በ1983 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ የስደተኛ ጉዳይ ላይ እንዲህ ዓይነቱ ውሳኔ ያለ ፊርማ አይጸናም አለ። እንግዲህ ጦርነቱን የጀመረው ሰው ራሱ ማስቆሚያውን ይፈርም ማለት ነው! በ2019 ሁለቱም ምክር ቤቶች አሜሪካ ከየመን ጦርነት እጇን እንድታወጣ ወሰኑ፣ ትራምፕ ውድቅ አደረጉት፣ ሴኔቱ ደግሞ ያንን ለመሻር 53 ለ45 ድምፅ ሰጥቶ ሁለት ሦስተኛው አልሞላም። አብላጫው አቁሙ ብሎም አልቆመም።

ኮንግረስ በ2001 የሰጠውን ጦር የማዝመት ፈቃድም አስቡት። ለመስከረም 11 ጥቃት መልስ ተብሎ የወጣ ነው፣ በተወካዮች ምክር ቤት የተቃወሙት ባርባራ ሊ ብቻ ነበሩ። ኋላ በዚያው ፈቃድ ሶማሊያ ውስጥ አልሸባብ ተመታበት። አልሸባብ ክፉ ነው፣ ከኛ በላይ የሚያውቀው የለም። ግን በ2001 ገና አልተፈጠረም ነበር።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ገብቷል። ይሂድ ከተባለ መቼም ይሄዳል። የሚልኩት ግን ቆመው፣ ስማቸው ተጠርቶ፣ ድምፅ ሰጥተው ይላኩት። 60 ቀን ሞልቶ ድምፅ ካልተሰጠ በጀቱ በራሱ ይቋረጥ፣ አሮጌ ፈቃዶችም የማብቂያ ቀን ይኑራቸው።

ዜግነት ያላችሁ አንባቢዎች ለተወካያችሁ ቢሮ ደውሉ። ስልኩን የሚያነሳው ልጅ ስማችሁንና ዚፕ ኮዳችሁን (የሰፈራችሁን የፖስታ ቁጥር) ጠይቆ ሐሳባችሁን ይመዘግባል፣ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ሰኞ ጠዋት ደውዬ ነበር። እንግሊዝኛዬ ያደናቅፈኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ልጁ ግን ቀስ ብሎ የጻፈውን አነበበልኝና «ልክ ነው?» አለኝ። ልክ ነበር።

አንባቢያችሁ፣ ከቨርጂኒያ