የኮምፒውተር ክበብ፦ «ለምን?» የሚል ዓምድ ያለው ደብተር

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ትልቅ ደብተር ነበረው። ገጹ ለሁለት ተከፍሏል። በግራ በኩል ወደፊት ስለሚመጡ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች (የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠሩ ቺፖች) ግምት ይጻፋል፤ በቀኝ በኩል «ለምን?» ይላል። ምክንያት የሌለው ግምት አይመዘገብም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ከእኔ በላይ አጥብቀው የያዙት ተማሪዎቹ ናቸው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም የጻፈው በጊጋኸርዝ (በሰከንድ ቢሊዮን ምት) ስለሚለካው ፍጥነት ነበር። «10 ጊጋኸርዝ ይገባል!» የሚለው ብቻ አንድ ገጽ ሞላ። ስለዚህ ወደ ኋላ ሄድን። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፕሮሰሰር አምራቹ ኢንቴል ራሱ ወደ 10 ጊጋኸርዝ እንደሚደርስ ይናገር ነበር። ፔንቲየም 4 የተባለው ፕሮሰሰሩ ግን 3.8 ላይ ቆመ። ያስቆመው ሙቀት ነው። ፍጥነት እንዲጨምር ቮልቴጅ መጨመር አለበት፤ የሚበላው ኃይል ደግሞ በቮልቴጁ ስኩዌር ያድጋል። ስሌቱን ሰሌዳ ላይ ከሠራን በኋላ ያ ገጽ ተሰረዘ።

በጣም የወደድኩት የወረቀቱን ቀን ነው። አንዲት ተማሪ ዓይኗን ጨፍና በአንድ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ 10 ነጥብ ጣለች። ነጥቦቹን ቺፕ በሚሠራበት ሲሊከን ላይ የሚገኙ እንከኖች አልናቸው፤ ነጥብ ያለበት ቁራጭ እንደተበላሸ ቺፕ ይቆጠራል። ወረቀቱን ለ4 ስንቆርጠው አራቱም ነጥብ አለባቸው፤ አንድም ደህና አልተረፈም። ነጥቦቹን ሌላ ወረቀት ላይ እዚያው ቦታቸው ገልብጠን ለ40 ስንቆርጠው ግን 31 ንጹህ ቁራጭ ቀረ። ቆጥረው አላመኑም፤ ደግመው ቆጠሩ። የኢንቴል ተፎካካሪ ኤኤምዲ በ2019 ራይዘን የተባለውን የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሩን በትናንሽ ቺፕሌቶች (አንድ ላይ ተገጥመው በሚሠሩ ቁራጮች) የከፋፈለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚያ የግምት ፈተና ሰጠኋቸው። በ2022 የወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ 64 ሜጋባይት ተጨማሪ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማህደረ ትውስታ) ከላይ ተደርቦበታል። ለጌም ድንቅ ነው፤ ፍጥነቱ ግን ካሽ ካልተደረበበት ወንድሙ ዝቅ ይላል፣ ከ4.7 ወደ 4.5 ጊጋኸርዝ። «ቀጣዩ ምን ይመስላል?» አልኳቸው። እስከዚያ ቀን ብዙም የማይናገር ልጅ እጁን አወጣ። «ሙቀቱ የሚወጣው በላይ ከሆነ፣ ካሹ ለምን ከታች አይሆንም?» በ2024 የወጣው 9800ኤክስ3ዲ ካሹን ያስቀመጠው ልክ ከኮሮቹ (ስሌቱን ከሚሠሩት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ሥር ነው። ሲያነበው ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም።



የመጨረሻው ገጽ ገና ክፍት ነው። በዴስክቶፕ ራይዘን ከ2017 እስከ 2024 በአንድ የሲሊከን ቁራጭ ላይ ያለው ኮር ከ8 አላለፈም። አብዛኞቹ «ትራንዚስተሩ (የቺፑ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ) በመጠን ስላነሰ 12 ይሆናል» ብለው ጻፉ። አንዲት ልጅ ግን ተቃወመች፦ «ወደ ራም (ከፕሮሰሰሩ ውጭ ወዳለው ዋና ማህደረ ትውስታ) የሚወስደው መንገድ ሁለት ብቻ ከሆነ ኮሮቹ ሰልፍ ይይዛሉ።» «ካሹ ይተልቃላ!» ብለው መለሱላት። ሁለቱም በቀኝ ዓምድ ተጽፎ፣ ቀን ተደርጎበት የቀጣዩን ዓመት አባላት ይጠብቃል።