ለነዋሪዎች በሙሉ፦ የመኪና ማቆሚያው ፔርጎላ ስብሰባ
የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ በመኪና ማቆሚያችን ላይ ራሱን ችሎ የሚቆመውን ሰፊ ፔርጎላ (በምሰሶዎችና በአግዳሚዎች የሚሠራ፣ ከላይ ክፍት የሆነ መጠለያ) ንድፍ ለመወሰን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እዚያው ማቆሚያው ላይ እንሰበሰባለን። ፔርጎላው ከሕንፃው ጋር ስለማይያያዝ፣ ነፋስ ወደ ጎን ሲገፋውም ሆነ ወደ ላይ ሲያነሣው የሚይዘው የምሰሶዎቹ መሠረትና ምሰሶን ከአግዳሚ የሚያገናኙት ሰያፍ ድጋፎች ናቸው፤ በመሆኑም ወጪ ለመቀነስ ሲባል መሠረቱ እንዳይነካ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

የምሰሶዎቹን ቦታ በኖራ ምልክት አድርገን፣ የመኪና በር መክፈትንና መታጠፍን እንዳያግዱ በተግባር ስለምንሞክር፣ ረጃጅም መኪና ያላችሁ ይዛችሁ እንድትመጡ ይሁን። የሚወሰነው እንጨት ወይስ ብረት የሚለው ነው፤ እንጨት ከተመረጠ ግርጌው ውሃ ቋጥሮ እንዳይበሰብስ በብረት እግር ከኮንክሪቱ ከፍ ማለት አለበት። መገኘት የማትችሉ ምርጫችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።