የፊት ፍሬን ሲይዝ ሸራ ከመቀየራችን በፊት ለምን እንደምንፈትሽ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከክረምቱ ወዲህ የቆዩ ላንድክሩዘሮችና ሃይሉክሶች በአንድ ችግር ተደጋግመው እየመጡልን ነው። የፊት ፍሬን ይይዛል፣ አይለቅም። ብዙዎቻችሁ አዲስ ሸራ (ዲስኩን ጨምቆ ጎማውን የሚያቆመውን የፍሬን ክፍል) ገዝታችሁ «ይሄን ቶሎ ግጠሙልን» ትሉናላችሁ። እኛ ደግሞ መኪናውን ግማሽ ቀን እናስቀረዋለን። ሥራ ፈትታችሁ እንደምትጠብቁ እናውቃለን። ስለዚህ በዚያ ግማሽ ቀን ምን እንደምንሠራ ልናስረዳችሁ ፈለግን።

ፍሬኑ የያዘው ሸራው ስላለቀ አይደለም። ሸራው ያለቀው ፍሬኑ ስለያዘ ነው። ምክንያቱ ሳይገኝ አዲስ ሸራ ቢገባ እሱም ይቃጠላል፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክም ይዞ ይጠፋል። በዚያ ላይ አዲስ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውስጥ ተገፍቶ መግባት አለበት። ውጭ ቆይቶ የዛገው የፒስተን ክፍል ወደ ውስጥ ሲገባ ጎሚኒውን (የላስቲክ ማሸጊያውን) ይቧጭረዋል። ከዚያ በኋላ ችግሩ ይብሳል።

ፍሬን ስትረግጡ ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ ሸራውን ዲስኩ ላይ ያጣብቃል። እግራችሁን ስታነሱ ግን ፒስተኑን የሚመልሰው ስፕሪንግ አይደለም። ዙሪያውን የያዘው ጎሚኒ ነው። ሲረገጥ ከፒስተኑ ጋር ትንሽ ይለጠጣል፤ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ፒስተኑንም ይዞት ይመለሳል። የሚመለሰው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጎማው በነጻነት የሚዞረው በዚያች ክፍተት ነው። የአቧራ መከላከያው ላስቲክ ተቀዶ ጭቃ ከገባ፣ ፒስተኑ ላይ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የተቆፈረ ዝገት ይወጣል። እንዲህ የሆነውን ፒስተን ጎሚኒው ሊመልሰው አይችልም። በብዙዎቹ የቆዩ ላንድክሩዘሮች እያንዳንዱ የፊት ካሊፐር (ፒስተኖቹንና ሸራውን የያዘው ብረት) ላይ አራት ፒስተን አለ። ከአራቱ አንዱ ብቻ ቢይዝ ሸራው በአንድ ጫፍ ቀጥኖ በሌላው ወፍሮ ይቀራል። ስለዚህ ሌላ ቦታ ሸራ አስቀይራችሁ ከሆነ አሮጌውን አትጣሉት፣ ይዛችሁልን ኑ። ብዙ ይነግረናል።

ፍተሻው ራሱ ከባድ አይደለም። የኋላ ጎማዎች ላይ ታኮ እናደርጋለን፣ ማርሹን ነጻ አድርገን ፊቱን በክሪክ እናነሳና በማቆሚያ እናስቀምጠዋለን። ፍሬኑን ረግጠን እንለቅና ጎማውን በእጅ እናዞራለን። ከያዘ፣ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ትንሽ እናላላለን። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ወዲያው ከለቀቀ፣ ካሊፐሩ ውስጥ ግፊት ታፍኖ ነበር ማለት ነው። ዘይቱ ያለ ግፊት ከወጣና ጎማው እንደያዘ ከቀረ ደግሞ ፒስተኑ ራሱ ደርቋል፣ ካሊፐሩ ይፈታል።

ግፊት ታፍኖ ከተገኘ ገና የት እንደታፈነ መፈለግ አለብን። ከካሊፐሩ በላይ፣ የብረቱ ቱቦ ከላስቲኩ ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እናላላለን። እዚያ ሲላላ ጎማው ካልለቀቀ፣ የአየር ማስወጫው ሲላላ ግን ከለቀቀ፣ ጥፋተኛው የላስቲኩ ቱቦ ነው። ደንበኞቻችን ይህን ለማመን ይቸገራሉ፣ ምክንያቱም ቱቦው ከውጭ ሲታይ ምንም አልሆነም። ውስጡ ግን ከእርጅና ይላላጣል። እግራችሁ በኃይል ሲገፋ ዘይቱ ያልፋል፤ ሲመለስ ግን የሚገፋው ስለሌለ እዚያው ይቀራል። አንዳንዴም ቱቦውን የሚይዘው ብረት ዝጎ ያንቀዋል። የቱቦ ዋጋ ከካሊፐር ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ ሳይፈተሽ ካሊፐር የገዛ ሰው በከንቱ ከፍሏል።

ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል ከያዙ ወደ ላይ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ወደሚገፋው ማስተር ሲሊንደር እንሄዳለን። «ጠዋት ደህና ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይይዛል፣ ሲያድር ይለቃል» የምትሉን አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚገኘው። ማስተሩን የሚገፋው ዘንግ ትንሽ ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ክፍተት ከሌለው ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ቀዳዳ እንደተዘጋች ትቀራለች። ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ መሄጃ ያጣል፣ ፍሬኑን ራሱ ይረግጠዋል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማስተሩ ተቀይሮ ዘንጉ ሳይለካ ሲገጠም ነው። የማስተሩን ዳዶዎች ትንሽ አላልተን ጎማዎቹ ከለቀቁ ምክንያቱ እሱ ነው። የፍሬን መብራት ማብሪያው ፔዳሉን ተጭኖ እንዳይመለስ አድርጎት ከሆነም ያው ችግር ይመጣል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችኋለን። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት አትጨምሩ። ጎሚኒዎቹ ሁሉ ያብጣሉ፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ማዳኛውም ከማስተር እስከ ጎማ ያለውን ጎሚኒ በሙሉ መቀየርና ቱቦውን ማጠብ ነው። ክዳኑ ላይ ዶት 3 (የፍሬን ዘይት ዓይነት ነው) ከተባለ ዶት 3 ይጨመር። ትክክለኛው ዘይትም ቢሆን እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲገባበት ግን ወደ 140 ይወርዳል። ስለዚህ በየ2 ዓመቱ ይቀየር እንላለን።

በዓባይ በረሃ ወይም በሊማሊሞ የምትወርዱ ደግሞ ይህን ያዙልን። የያዘ ፍሬን ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ግሎ ስለሚጠብቅ፣ ስትፈልጉት ላታገኙት ትችላላችሁ። መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ፣ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ፣ አንዱ ቸርኬ ከሌላው ይልቅ ከጋለ፣ ከባድ ማርሽ ይዛችሁ ደልዳላ ቦታ ቁሙ። ታኮ አድርጉና እስኪበርድ ጠብቁ። ውሃ አታፍሱበት፣ ዲስኩ ይጣመማል። ቸርኬውንም አትንኩት፣ እጃችሁን ጠጋ አድርጋችሁ ሙቀቱን ብቻ ለዩ። የጋለው ቸርኬ ሁልጊዜ ፍሬን ነው ማለትም አይደለም፤ ግራሶ ያለቀበት ወይም ከልክ በላይ የጠበቀ ኩሽኔታም ያግላል። ስለዚህ እሱንም አብረን እናያለን።

ከዛሬ ጀምሮ ፍተሻውን ሳንጨርስ ዋጋ አንናገርም። ምን እንዳገኘን መኪናው እንደተነሳ እናሳያችኋለን፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃም እንመልስላችኋለን። ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉልን። ለፍተሻ ስትመጡ መኪናውን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ነድታችሁ፣ ሳታሳጥቡ አምጡት። ሲሞቅ ብቻ የሚይዘውን ፍሬን በርዶ ካገኘነው ችግሩን ማየት አንችልም።

ከአክብሮት ጋር
የጋራዡ ባልደረቦች